ሰርገኛ ከመጣ በኋላ የሚላክ ገንዘብ

ልጆቼ፣

ምርጫ በቀረበ ቁጥር እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁት የወዳጆቼ ልጆች ትደውሉልኛላችሁ። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «አሁን ለእጩው ሃምሳ ዶላር ብልክ ለውጥ ያመጣል?» የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ለአካባቢያችን እጩዎችም በበጎ ፈቃድ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ብዙ ምርጫ አሳልፌያለሁ። ገንዘቡ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ስላየሁ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። በመጨረሻው ሳምንት የሚላክ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሥራ አያገኝም።

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይባል የለ? ገንዘብ የሚያስፈልገው ጠጁ ሳይጣል፣ ድንኳኑ ሳይተከል ነው። በመጨረሻው ሳምንት የቴሌቪዥኑ ሰዓት ተገዝቷል፣ በራሪ ወረቀቱ ታትሟል፣ ሠራተኛው ተቀጥሯል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ እናንተ ገንዘብ ስትልኩ ድምፁን ሰጥቶ የጨረሰው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ዓመት፣ ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው፣ መዝገቡን ለምይዝላት እጩ ስምንት ሺህ ዶላር ገባ። በደስታ አንድ ዙር ተጨማሪ ወረቀት አሳትመን በፖስታ ላክን። ምርጫው ማክሰኞ ነበር፤ ወረቀቱ እኔ ቤት የደረሰው ረቡዕ። እጩዋ በጥቂት መቶ ድምፅ ተሸነፈች። ያ ገንዘብ በሰኔ መጥቶ ቢሆን ሁለት ወጣቶች ክረምቱን ሙሉ በር ያንኳኩበት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብዛትም ብቻውን አያሸንፍም። በ2020 ኤሚ መግራዝ ኬንታኪ ውስጥ ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳድራ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብትሰበስብም በሚች መኮኔል በ20 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ተሸነፈች። በዚያው ዓመት ደቡብ ካሮላይና ላይ ለሴኔት የተወዳደረው ጄሚ ሃሪሰን በሦስት ወር ብቻ 57 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ፤ ሊንዚ ግራሃም ግን በ10 ነጥብ ገደማ በለጠው። ከመላው አገር ልቡ የነደደ ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ ላከ። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ማንም ዞር ብሎ ላላያቸው የትምህርት ቦርድና የካውንቲ እጩዎች በጊዜ ቢደርስ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ዘመቻዎች ገንዘብ ሲጠይቁ የሚልኩት «እኩለ ሌሊት ላይ ጊዜው ያበቃል» የሚለው መልእክትም አያስደንግጣችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው ዘመቻው ለመንግሥት ሪፖርት የሚያደርግበት የሒሳብ ዘመን ነው። ስትከፍሉ በየወሩ እንዲቆረጥ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን እንዳለ እዩ። ደግሞም አደራ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ዘመድ ገንዘቡን ሰጥቷችሁ በስማችሁ እንዳትልኩለት፤ ሕግ መጣስ ነው፣ ለእሱም ለእናንተም መዘዝ አለው።

ታዲያ በመጨረሻው ሳምንት ምን ይደረግ? በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስና ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደሩ። ከድጋሚ ቆጠራና ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ሁለቱም 11,608 ድምፅ ይዘው እኩል ወጡ። ጥር ሲገባ ስማቸው ሳህን ውስጥ ተደርጎ ዕጣ ወጣ፤ ለያንሲ ደረሰ። በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል 50 ለ50 ሊሆን የነበረው ምክር ቤት 51 ለ49 ሆነ። በዚያ ወረዳ መኪና አጥታ ቤቷ የቀረች አንዲት እናት አትኖርም ብላችሁ ነው?

የእኛ ሰፈር እናቶች መኪና ብቻ አይደለም የሚያጡት። እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማይችሉ አፍረው ይቀራሉ። ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያግዘውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሁን እንጂ። ይህን የሚያውቁ እናቶች በጣም ጥቂት ናቸው። ልጃቸው፣ የጎረቤት ልጅም ቢሆን፣ አብሮ ገብቶ ወረቀቱን ሊያነብላቸው ይችላል፤ ምርጫው ግን የራሳቸው ነው፤ ማንን ይምረጡ ብላችሁ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ።

ሃምሳ ዶላሩን ለቤንዚን አድርጉት። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራት እናቶች ይዤ ድምፅ ሊሰጡ ወደ ምርጫ ጣቢያ እሄዳለሁ። አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር ስለሆኑ ሰፊ መኪና ያለው ልጅ እስከ ዓርብ ማታ ይደውልልኝ።