ሜዳይ፣ ሜዳሊያ፣ ኒሻን፦ የአያት ፎቶ ስር ምን ይጻፍ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «አያቴ በ1943 ከቃኘው ሻለቃ ጋ ኮሪያ ዘምተው ነበር። ፎቷቸው ላይ ደረታቸው ጋ የተባበሩት መንግስታት የሰጣቸው አለ፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ ኮሪያዎች በኋላ ለመታሰቢያ የሰጧቸው የሰላም አምባሳደር የሚባለው። ከስሩ "ኒሻኖቻቸውን አጥልቀው" ብል ያስኬዳል?»

አያስኬድም እህቴ፣ ሁለት ቦታ ላይ ስህተት አለው። ኒሻን ከፋርስ የመጣ ቃል ነው፣ ምልክት ማለት ነው፣ ቱርኮች ጋ ሲደርስ ዒላማም ሆነ ቀለበት ማሰርም ሆነ፣ እኛ ጋ ግን ደረጃ ላለው የመንግስት ክብር ቀረ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን እንደምንለው። ለዘመተ ሁሉ የሚሰጠው ሜዳይ ነው። የአምስቱ ዓመት አርበኞች እንኳ «የአርበኝነት ሜዳይ ከዘንባባ ጋር» ነው የሚሉት።

ሜዳሊያስ? «ሜዳይ የሜዳሊያ ቁራጭ ነው» የሚሉ አሉ፣ በፍጹም አልስማማም። ሜዳሊያ ከጣልያንኛ ነው፣ ሜዳይ ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳዮቹ መጨረሻውን «አይ» ብለው ስለሚጠሩት ጆሮ የሰማውን ጻፈ፣ ያኔ ቤተመንግስቱም ትምህርት ቤቱም ባቡሩም ፈረንሳይኛ ነበር። የሁለቱም ስር ላቲን ነው፣ ሜታል ከምንለው ጋ ዘመድ ናቸው የሚል አለ፣ የለም የግማሽ ዲናር ሳንቲም ስም ነው የሚልም አለ። እኔ ጣልያንን የተዋጋ አርበኛ ደረት ላይ የጣልያን ቃል መስቀል አይዋጥልኝም። መኪናና ፋብሪካም ከጣልያን ናቸው ብትይኝ መልስ የለኝም፣ አዎ ናቸው። አበበ ቢቂላ እዛው ሮም ወርቅ ካመጣ ወዲህ «የወርቅ ሜዳይ» የሚል ሰውም ብዙ አልሰማሁም፣ ሜዳሊያ አሸንፏል፣ እሺ። ለዘማች ግን ሜዳይ በይልኝ።

ሁለተኛው «ማጥለቅ» ነው። የሚጠለቀው አንገት ወይ ጣት የሚገባበት ነገር ነው፣ ሀብል፣ ቀለበት። ባለ ሰማያዊና ነጭ ሪባኑ የተባበሩት መንግስታት ሜዳይ በመርፌ ደረት ላይ ይደረጋል። (እቤት ካለ ገልብጪና ጀርባውን እዪው፣ ለኛ ዘማቾች የተሰራው ጽሁፉ በአማርኛ ነው፣ እኔ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል።) የሰላም አምባሳደሩ ግን በሪባን አንገት ላይ ስለሚወርድ እሱን አጥልቀዋል ማለት ትችያለሽ።

እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «አያታችን የኮሪያ ዘመቻ ሜዳያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ የሰላም አምባሳደር ሜዳያቸውን አጥልቀው»።