ሐሙስ ማታ የጠፋችው ቢጫ ወረቀት

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ትሬይል (በጫካና በተራራ የሚያልፍ የእግር መንገድ) የሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ ፓርት ታይም አገኘሁ፣ አባላት መመዝገብና ፕሮግራም ማገዝ ነው፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ዳታ ማስገባት ብቻ ከሆነ ግን ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ማታም እንቅልፍ እምቢ አለኝና ለሷም ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔም ቨርጂኒያ እንደዛ ያለ ቢሮ ሠርቻለሁ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ። አፓላቺያን ትሬይልን ታውቁት ይሆናል፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዛፉ ላይ ያለችውን 2 በ6 ኢንች ነጭ ምልክት እንኳን በብሩሽ የሚቀባት በጎ ፈቃደኛ ነው። የኛም ድርጅት የቆመው በዛ ዓይነት ሰው ነበር።

አንድ ሐሙስ ልወጣ ስል አንዲት አሮጊት ደወሉ። ባለቤታቸው አርፈዋል። ሰውየው ለዓመታት አንድ ማይል መንገድ ተረክበው የያዙ ናቸው፣ ቅጠል ሲረግፍ ዝናቡ መንገዱን እንዳይሸረሽረው ውሃ ማፋሰሻውን በዶማ ይከፍታሉ። ሴትየዋ ስሙን ከዝርዝር አውጡልኝ፣ ቦታውን ማን እንደሚይዘው ንገሩኝ፣ ቡድኑ ሲወጣም አብሬ ሄጄ ልየው አሉ። እሺ አልኩ። ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፌ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩና ወደ ማታ ሥራዬ ሮጥኩ፣ ያኔ ፓርኪንግ ነበርኩ፣ እዛ ሂሳብ መቀበያ ዳስ ውስጥ እያጠና ስንቱ ሀበሻ ዲግሪውን ይዟል መሰላችሁ። ማክሰኞ ስመለስ ወረቀቷ የለችም፣ እኔም አላስታወስኳትም።

ከወራት በኋላ ሲስተሙ ራሱ የሚያወጣው የአባልነት እድሳት ደብዳቤ በሟቹ ስም ሄደ፣ "ናፍቀውናል፣ ይመለሱ" የሚል። ተመልሶ መጣ። ከስሩ በእርሳስ "እኔንም ናፍቆኛል። መንገዱንስ ማን ያዘው?" ተብሎበታል። ደወልኩ፣ አልተነሳም። አድራሻቸው እጄ ላይ ነበር፣ በመኪና 40 ደቂቃ አይሞላም፣ አፍሬ ቀረሁ።

አባቴ አዲስ አበባ የእድር ጸሐፊ ነበር፣ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ሳይጨርስ ደብተሩ ላይ ያሰፍር ነበር። አንቺ ዳታ ያልሽው እሱን ደብተር ነው ልጄ።

ስለዚህ ሐሙስ የሰማሽውን ሐሙስ ሲስተሙ ላይ አስገቢ፣ ወረቀት ላይ አታሳድሪው፣ አንቺ የማትገቢባቸው ቀናት አሉና ሌላው እንዲያየው። 250 ዶላርና ከዛ በላይ የሰጠ ሰው ለታክስ የጽሁፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ሳይጠይቅሽ ላኪለት። ስልክም አንሱ እባካችሁ፣ የዛሬ ልጆች ስልክ ሲጮህ እንደ እባብ ነው የምትሸሹት፣ ሐዘን ላይ ያለ አሮጊት ግን ቴክስት አያደርግም። የጤና ኢንሹራንስ ከፈለግሽ በ20 ሰዓት ብዙ ቦታ አይሰጡም፣ አትግቢበት ልልሽ ነበር፣ ግን እኔው እያወቅኩ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፣ ዛሬም ብሆን እገባ ነበር።

ዘግይቼ ያን ማይል ሄጄ አየሁት። ሌላ ሰው ይዞታል፣ ማፋሰሻው ተከፍቷል፣ ቅጠሉ ወደ ዳር ተጠርጓል። ከዛው ቀጥታ ወደ ሴትየዋ ቤት ነዳሁ፣ በሩን የከፈተልኝ ቤቱን የገዛው ሰው ነው።