የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እኔና ባለቤቴ በመጪው ነሐሴ የሦስት ሳምንት ዕረፍት አለን፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ከታሂቲ ደሴት ርቀው በሚገኙት የማርኬሳስ ደሴቶች ልናሳልፍ አስበናል። ቲኬት ቆራጩ በፓሪስ በኩል ርካሽ አግኝቶልናል። እንክፈል? (ሐዋሳ፣ ታቦር)

ገና አይክፈሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ሰው ይህን ጉዞ የሚወስነው መሸጋገሪያው ላይ የሚጠየቀው ቪዛ ነው፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይታያል። ፓሪስ ላይ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ለመሸጋገር እንኳ ኢትዮጵያዊ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ከፓሪስ ወደ ታሂቲ ዋና ከተማ ፓፔቴ የሚሄደው አውሮፕላን ደግሞ መንገድ ላይ ሎስ አንጀለስ ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ያርፋል። አሜሪካ ኢሚግሬሽን ሳያልፉ መሸጋገር የሚባል ነገር ስለሌለ የአሜሪካ ቪዛ ያልያዘ ሰው ገና ከቦሌ አይሳፈርም። በኦክላንድ በኩል ልሂድ ቢሉም ኒውዚላንድ የትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች።

እኛ የምንመክረው የቶኪዮ ናሪታን መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ያደርሳል፤ ከዚያ ኤር ታሂቲ ኑዊ ፓፔቴ ይወስዳል። ከመሸጋገሪያው ክልል እስካልወጡ ድረስ ጃፓን ቪዛ አትጠይቅም። ይህን መንገድ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቲኬቱን ለሁለት ከፍሎ መቁረጥ ነው፤ ያኔ ሻንጣ ለመቀበል ኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ይሆናልና የጃፓን ቪዛ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቲኬት ይሁን፣ ሻንጣውም እስከ ፓፔቴ ይመዝገብ። የናሪታ–ፓፔቴ በረራ በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ ስለሆነ የወቅቱን መርሐ ግብር አይተው መጀመሪያ እሱን ይምረጡ፤ የአዲስ አበባውን መነሻ ከእሱ ጋር ያስማሙ። ሌላም አለ፦ ሲሄዱ የቀን መለወጫ መስመርን ስለሚያቋርጡ ከናሪታ ማታ ተነሥተው ፓፔቴ የሚደርሱት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ሲመለሱ ደግሞ አንድ ቀን ይጠፋል። የሆቴል ቀን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመዳረሻውን ቪዛ በተመለከተ፣ ታሂቲና ማርኬሳስ የሚገኙባት ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ የፈረንሳይ ብትሆንም ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ አይደለችም። የሸንገን ቪዛ ብቻውን አያስገባም። ማመልከቻውን በፍራንስ ቪዛ ድረ ገጽ ሲሞሉ መዳረሻ በሚለው ቦታ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያን ይምረጡ፤ «ፈረንሳይ» ብሎ መሙላት የተሳሳተ ቪዛ ያሰጣል። ሰነድ የሚያስገቡት አዲስ አበባ ነውና ከሐዋሳ በዋዜማው ገብተው ይደሩ። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ቲኬቱ ተይዞ ይቆይ እንጂ ገንዘብ የማይመለስበት አይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሳምንት አያቆዩት።

ስንት ደሴት እናያለን? (ከዚሁ ጠያቂ)

ማርኬሳስ 12 ደሴቶች ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው 6ቱ ብቻ ናቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ደሴት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያቀደ ሰው ዕረፍቱን በጀልባና በኤርፖርት ይጨርሰዋል። ደሴቶቹ ከታሂቲ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ ከፓፔቴ እስከ ኑኩ ሂቫ፣ ከማርኬሳስ ደሴቶች አንዱ፣ በኤር ታሂቲ አነስተኛ አውሮፕላን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ከኤርፖርቱ እስከ ታዮሃኤ ከተማ ደግሞ ተራራ አቋርጦ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የመኪና መንገድ አለ፤ ማረፊያው ቤት መኪና እንዲልክልዎ አስቀድመው ይንገሩ። ቀጥሎ ሂቫ ኦአ ይሂዱ፤ ፑዋማው ያለውን የጥንት የድንጋይ ሐውልት ስፍራ ሳያዩ እንዳይመለሱ። ማርኬሳስ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከተፈጥሮው ጋር ለእንዲህ ያለው ቅርስ ነው።

ሦስተኛው ፋቱ ሂቫ ቢሆን ደስ ይለናል። ኤርፖርት የለውም፤ ከሂቫ ኦአ በጀልባ ነው፣ ማዕበሉም ይበረታል። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን ከመሳፈርዎ በፊት ይዋጡ፤ ከጀመረዎ በኋላ ብዙም አይረዳም። በደሴቱ ከኦሞአ መንደር እስከ ሃናቫቬ መንደር ያለው የተራራ መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማለዳ ይነሡ፣ ውኃ አያሳንሱ። ባንክ እዚያ የለምና ጥሬ ገንዘብ ከሂቫ ኦአ ይያዙ። መገበያያው የፓስፊክ ፍራንክ ነው፤ ከዩሮ ጋር ምንዛሬው ስለማይለዋወጥ (1,000 ፍራንክ 8.38 ዩሮ ነው) ከባንክ ሲወስዱ ከዶላር ይልቅ ዩሮ ይጠይቁ።

ሲመለሱ ዓለም አቀፉ በረራ ሳይደርስ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት፣ ፓፔቴ ይደሩ። የደሴት በረራ ሲዘገይ የናሪታው አውሮፕላን አይጠብቅም፤ ቀጣዩም ነገ አይደለም።

ባሕሩ በፎቶ እንደምናየው ጸጥ ያለና ሰማያዊ ነው? ልጆች ይዋኙበታል? (ሐዋሳ፣ መናኸሪያ)

ያ ፎቶ የሌላ ደሴት፣ የቦራ ቦራ ነው። ቦራ ቦራን ማዕበሉን የሚሰብር የኮራል አጥር ከቧታል፤ ማርኬሳስ ግን እንዲህ ያለ አጥር የለውም ማለት ይቻላል፣ ውቅያኖሱ በቀጥታ ገደሉን ይመታል። የሐዋሳ ሐይቅ የተኛው በፈረሰ እሳተ ገሞራ ገንዳ ውስጥ እንደሆነ ሁሉ የታዮሃኤ ባሕረ ሰላጤም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ግድግዳ በደቡብ ተንዶ ባሕር መግባቱ ነው። መዋኘት በሚቻልበት ባሕረ ሰላጤ እንኳ አስቀድመው የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። ልጆችዎ ትንንሽ ከሆኑ ታሂቲ አጠገብ ያለችው የሙሬያ ደሴት ትሻላቸዋለች።

የባሕሩ ዳር ሌላው ችግር ኖኖ የሚባለው ደቃቅ ነካሽ ዝንብ ነው። ሲነክስ ብዙም አይሰማም፤ ማሳከኩ ሰዓታት ቆይቶ ይመጣል፣ ሲታከክም ይቆስላል፣ ይመግላል። ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ፣ ማሳከክ የሚያስታግሰውን ሴትሪዚን ክኒን ይያዙ፣ የልጆችን ጥፍር ይቁረጡ።

የፍልሰታ ጾም እዚያ ይደርስብናል። ምን እንበላለን? (ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር)

ጎደሬ፣ ሙዝ፣ የኮኮናት ወተትና ብሬድፍሩት የሚባለው ተጠብሶ እንደ ድንች የሚበላ የዛፍ ፍሬ የአገሩ የዘወትር ምግብ ነው፤ አይራቡም። ነገር ግን የእንግዳ ማረፊያዎቹ እራት የሚያዘጋጁት በዓሣ፣ በፍየልና በአሳማ ነው፤ ሱቁም የሚሞላው በመርከብ ነው። ቦታ ሲይዙ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበሉ በፈረንሳይኛ ይጻፉላቸው፤ ዓሣም የሚተዉ ከሆነ ለይተው ያስታውቁ፣ አለበለዚያ ጾም ሲባል ዓሣ ያቀርባሉ። ሽሮ ለመያዝ ካሰቡ በፋብሪካ የታሸገ ይሁን፤ ሲገቡም በቅጹ ላይ ያስመዝግቡ። ማር፣ ጥሬ ቡናና ፍራፍሬ ግን ቤት ይተዉ፤ ደሴቶቹ ተባይና የእፅዋት በሽታ እንዳይገባባቸው አጥብቀው ይፈትሻሉ።

ከፍልሰታ በኋላ ዓሣ ሲያምርዎ ከዓለት አካባቢ የተያዘውን ሳይጠይቁ አይብሉ። ሲጓቴራ የተባለው መርዝ አንዳንዱ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል፤ መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። የትኛው ዓሣ ከየትኛው ባሕረ ሰላጤ እንደማይበላ የማረፊያው ባለቤቶች ያውቃሉ።

ቤት ያሉት እናቴ እንዳይጨነቁ ስንት ሰዓት ልደውል? (ከዚሁ ጠያቂ)

ሐዋሳ ቀትር 6 ሰዓት ሲሆን ኑኩ ሂቫ ላይ የትናንቱ ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ነው። እርስዎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቢደውሉ እናትዎ ዘንድ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል።