የጣሪያችንን ሣር ማጠጣት ኤሌክትሪክ ይቆጥባል?

ጥያቄ፦ የሕንፃችን ጣሪያ ላይ አፈር ተደልድሎ ሣር ተተክሏል። በሙቀት ወራት በየቀኑ እናጠጣዋለን። ጎረቤቶቼ «የውሃ ብክነት ነው» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣውን ወጪ ይቀንስልናል ባይ ነኝ። ማንኛችን ልክ ነን?

መልስ፦ ለመሆኑ የሚኖሩት ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? የመጨረሻው ላይ ከሆነ ክርክሩ እርስዎን ይመለከታል። ከዚያ በታች ላለ ሰው ጣሪያው ረጠበም ደረቀም ለውጡ እምብዛም አይሰማውም።

ውሃው እንደሚያቀዘቅዝ አልጠራጠርም። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በቀን 300 ሊትር ቢተን ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ብዙዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ «ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ቆጠብን» ይላሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ስሕተት ነው። ከዚያ ሙቀት አብዛኛው ቀድሞውንም ወደ ክፍሉ አይዘልቅም፤ ወደ አየሩ ይመለስ ነበር። የሚዘልቀውንም ቢሆን ማቀዝቀዣው የሚያስወጣው የሙቀቱን ሲሦ ገደማ በሚሆን ኤሌክትሪክ ነው።

ዋናው ነገር ከአፈሩ ስር ያለው ሙቀት ከላካይ ንጣፍ ነው። እኔ ራሴ የአንድ ጣሪያ ግማሹን እያጠጣሁ ግማሹን ትቼ ሁለት ሳምንት ተከታትያለሁ። እኩለ ቀን ላይ የደረቀው አፈር እጅ አያስነካም፤ እርጥቡ ላይ ግን መዳፌን አሳርፌ መቆየት እችል ነበር። ታች ክፍሎቹ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ቴርሞሜትሮች ግን ልዩነት አላሳዩም፤ ንጣፉ ወፍራም ነበርና። ንጣፍ የሌለው አሮጌ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ጎልቶ በታየ ነበር።

ስለ ፓምፑ አይጨነቁ፤ 1000 ሊትር ውሃ 15 ሜትር ከፍ ለማድረግ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ውሃው ከባሕር ተቀድቶ ጨው የተለየለት ከሆነ ግን ለዚያው 1000 ሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ሂሳቡ ይለወጣል። ብርድ ሲገባ ደግሞ ማጠጣቱን ይቀንሱ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቤቱን ሙቀት አሳልፎ ይሰጣል።

ስለዚህ ንጣፉ ወፍራም ከሆነ ጎረቤቶችዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ ሣሩ እንዳይሞት የሚበቃውን ብቻ ማታ ማታ ያጠጡ። ውፍረቱን ከሕንፃው ፕላን ላይ አይተው ይጻፉልኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።