ቆጣሪያችሁን ራሳችሁ አንብቡ

ይድረስ ለጎንደር ወጣቶች፣

የሠራሁት በውሃ ሒሳብ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሰፈር ልጆች ቢል ይዘው ይመጣሉ። «አባባ፣ ይሄ ልክ ነው?» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ መልስ የለኝም። ባለፈው ወር ቆጣሪው ላይ ስንት እንደነበር ያየ ሰው የለማ!

እንግዲህ ከዚያ ጀምሩ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው። አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ይሆናል። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና መሃል ያለችውን ትንሽ መዘውር ተመልከቱ። ከዞረች ግቢ ውስጥ የሚያፈስ መስመር አላችሁ። እሱን ማስጠገን የእናንተ ድርሻ ነው፤ ከቆጣሪው በፊት ያለው ደግሞ የከተማው ውሃ አገልግሎት።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል። የታሰበው ጥቂት የሚጠቀም ድሃ በርካሽ እንዲያገኝ ነው። ቆጣሪ አንባቢ ሦስት ወር ቀርቶ የሦስቱ ወር ፍጆታ እንደ አንድ ወር ከተሰላ ግን ያው ውሃ ውድ እርከን ላይ ይወጣል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢም እንደዚያው። ለድሃ የተባለው ታሪፍ ድሃውን ይመታል። በየወሩ በአንድ ቀን ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ውሃ የመጣበትንና የጠፋበትን ሰዓትም ጻፉ። ጠፍቶ ሲመለስ ከፊቱ አየር ይገፋል፤ አየሩም ቆጣሪ ያዞራል።

ቅሬታችሁን በደብዳቤ አስገቡ፣ በሁለት ኮፒ። በእጃችሁ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤት ማህተምና ገቢ ቁጥር ያድርግላችሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የቢል ቅሬታ ግን በዝምታ ይነቅዛል።

ስለ ውሃ አገልግሎቱ ሠራተኞችም እውነቱን ልናገር። አንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ከተማዋ ሰፋች። የመገጭ ግድብ ስንት ዓመት እንደተጠበቀ ታውቃላችሁ። ይህን እጥረት ቢል ክፍል ያለ ሰው አልፈጠረውም። ነገር ግን ውሃ ሲያጥር ነው ፈረቃው ይፋ መሆን ያለበት። አዘዞ መቼ፣ ማራኪ መቼ፣ ለምን እንደቀረ ጭምር።

ውሃውን የሚሸጠው ክፍል ቅሬታውንም ራሱ ከዳኘ ደንበኛው ዋስ የለውም። ኬንያ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣ ሕግ የውሃ አገልግሎት ተቆጣጣሪ አቋቁማለች። በየጊዜው የየከተማውን አገልግሎት በሪፖርት ያወዳድራል፤ በቀን ስንት ሰዓት ውሃ እንዳለ፣ ከተመረተው ስንቱ ሳይከፈልበት እንደጠፋ። የናይሮቢ ሰው የራሱን ከሌላው ያስተያያል። መሥሪያ ቤት ማቋቋም ብቻውን አይበቃም። እንግሊዝ የውሃ ኩባንያዎቿን በ1989 ስትሸጥ ኦፍዋት የሚባል ተቆጣጣሪ አቋቁማ ነበር። ፍሳሽ ግን ወንዞቿ ውስጥ ሲለቀቅ ኖረ። በ2025 ቴምስ ዋተር ከ122 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ኦፍዋትን ራሱን ለማፍረስ ወሰነ። ተቆጣጣሪውንም የሚጠይቅ ሕዝብ ያስፈልጋል።

እኛ ዘንድ ያንን የሚያክል ተቋም እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሜትር ኩብ ተመረተ፣ ስንቱስ ቢል ተቆረጠበት? ልዩነቱ የጠፋው ውሃ ነው። መልስ ካጣችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የሰፈሩን ፎቶና ማስታወሻ በአንድ ፋይል አሰባስቡ፣ ለቀረጻውም ተራ ግቡ።

የከተማ ውሃ አገልግሎት የሚመራው በቦርድ ነው። በቦርዱ ውስጥ ደንበኛን ወክሎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን የሚነግራችሁ ከጠፋ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ በዚያ ላይ ይሁን።