ሰኔ ላይ የሚነሣ ጥያቄ ለምን መልስ ያጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የከተማ አገልግሎትና የነዋሪው ድርሻ

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስብሰባ እንጠራለን። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት እንላለን፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ዓመት ዞሮ ያንኑ እንደግማለን። ጥያቄያችን የት ነው የሚቀረው? (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ መጀመሪያ የስብሰባውን ወር ይመልከቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሰኔ ላይ ጽሕፈት ቤቶቹ ዕቅዳቸውን አስገብተዋል፤ ከበጀት ጣሪያው በላይ የሆነው ተቆርጧል፤ ረቂቁም ወደ ምክር ቤት ሊሄድ ተዘጋጅቷል። በዚያ ሰዓት አዲስ ሥራ ይግባ ከተባለ አንድ የገባ ሥራ መውጣት አለበት፤ ያንን ደግሞ ማንም ደፍሮ አይነካም። ጥያቄ ሰሚ የሚያገኘው ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲጽፉ፣ ማለትም ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ሳምንታቱ ከከተማ ከተማ ሊለያዩ ስለሚችሉ ጥምቀት እንዳለፈ የከተማውን ገንዘብ ጽሕፈት ቤት «የዕቅድ ማስገቢያው ቀን መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር የከተማው ገንዘብ ከረጢት ሁለት መሆኑ ነው። ከክልሉ በድጎማ የሚመጣው መደበኛ በጀት አብዛኛው ለደመወዝና ለጽሕፈት ቤት ሥራ ማስኬጃ ይውላል። ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የገበያ ቦታ፣ የቆሻሻ ማንሻ የሚሠራው በዋናነት ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ነው፦ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከቤት ግብር፣ ከገበያና ከቄራ አገልግሎት ክፍያ። ስለዚህ ስብሰባ ላይ «በጀት የለም» ሲባሉ «የትኛው በጀት? የማዘጋጃ ቤት ገቢ ዘንድሮ ስንት ታቅዶ ስንት ተሰበሰበ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ስብሰባውን ከልመና ወደ ምክክር ያመጣዋል።

ሦስተኛው፣ ጥያቄው የማን እንደሆነ መለየት ነው። የመብራት መስመር መዘርጋትና ትራንስፎርመር መቀየር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፤ ከንቲባው ደብዳቤ ይጽፋል እንጂ በጀት አይዝበትም። ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና የፌዴራል ነው፤ ከእርሱ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ሰፈር እንዳይገባ ቦይ ማውጣት ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ከተማችሁ ራሱን የቻለ ከተማ አስተዳደር ሳይሆን ማዘጋጃ ቤት ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ የትምህርትና የጤና ጥያቄ የሚያዘው በወረዳው ዕቅድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው የሚቀርበው በጽሑፍ ነው። «መንገድ ይሠራልን» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ባለሙያ ወደ ዕቅድ ሊለውጠው አይችልም። እንዲህ ቢጻፍ ግን ይችላል፦ «ከገበያው በር እስከ ጤና ጣቢያው፣ 400 ሜትር፤ 62 አባወራ ይኖርበታል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባጃጅ አይገባም፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ነው የሚወጣው፤ ነዋሪው የጉልበት ሥራውን ይሸፍናል።» አንድ ገጽ በቂ ነው። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ ሁለተኛው ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማኅተም አስደርገው ያስቀምጡት። ከአንድ ቀበሌ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ጥያቄ አይግባ፤ ዐሥራ አምስት የጠየቀ ሰፈር የቱን እንዳስቀደመ አይታወቅለትምና።

ጥያቄ፦ ለኮብልስቶን ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥተን ነበር። በሁለተኛው ክረምት መሀሉ ሰረጎደ፣ ጠርዙም ተበተነ። አሁን ደግሞ ለቀጣዩ መንገድ አዋጡ ተብለናል። ከመክፈላችን በፊት ምን እንጠይቅ? (ከብቸና አካባቢ)

መልስ፦ አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ምክንያቱ ከድንጋዩ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቡሬና ዳንግላ ቀይ አፈር ላይ የቆመው አሠራር ብቸናና ደጀን ጥቁር አፈር ላይ እንዳለ ቢቀዳ አይቆምም። ዋልካው ቢያንስ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይወጣና በተመረጠ ጠጠራማ አፈር ይተካል፤ አፈሩም በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ ሳይሆን በየ15 እና 20 ሳንቲ ሜትሩ ውኃ እየጠጣ በሮለር ይጠቀጠቃል። ከላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋይ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቁፋሮው ነው፤ ድንጋይ ከተነጠፈበት በኋላ ስለማይታይ።

ቅደም ተከተሉም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ መንገዱን የሚያቋርጥ የውኃ ቧንቧ ይቀበራል፤ ቀጥሎ ቦዩ፣ ቀጥሎ የጠርዝ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጠጠሩና አሸዋው፣ በመጨረሻ ንጣፉ። ጠርዙ ሳይታሰር የተነጠፈ ድንጋይ የጭነት መኪና በዞረበት ቁጥር ወደ ጎን ይገፋል። ቧንቧው ካልቀደመ ደግሞ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ በዓመቱ መጥቶ ይቆፍረዋል፣ የሚደፍነውም በልቅ አፈር ነው። መሀሉ ከጠርዙ ከፍ ብሎ በየሜትሩ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ ማዘቅዘቅ አለበት። ይህንን ለማየት መሐንዲስ አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ውኃ መሀል ላይ አፍስሱና የት እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ስለ ልኩ፣ ስድስት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ100 ሜትር ርዝመት 600 ካሬ ይሆናል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርብ ድንጋይ በካሬ 80 ያህል ስለሚገባ፣ 48,000 ድንጋይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ከቀረበው ሒሳብ ጋር አስተያዩት።

ገንዘቡን በተመለከተ መዋጮ በፈቃድ ነው። የሚከፈለው ተከታታይ ቁጥር ባለው ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የሚቀመጠው ለዚያ ሥራ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ የሚወጣውም ነዋሪው በመረጣቸው ሰዎች ጥምር ፊርማ ይሁን። ድርሻው በቤት ቁጥር እኩል ሲከፈል ጠላ ሸጣ የምታድር እናት ከባለ ፎቁ ነጋዴ እኩል ትከፍላለች፤ መንገዱን በሚያዋስነው የቦታ ስፋት መመደብ፣ የማይችለውንም በጉልበት ወይም በነጻ ማለፍ ይሻላል። ማን በነጻ እንደሚያልፍ ዕድሩ ከማንም በላይ ያውቃል።

አንድ ነገር ልንለምናችሁ እንወዳለን። ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የሚቀር መያዣ አለ፣ በአብዛኛው 5 በመቶ። የሚለቀቀው በመጨረሻው ርክክብ ነው። ርክክቡ በመስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ መንገዱን ከፈተነው በኋላ እንዲሆንና የነዋሪ ተወካይ እንዲገኝ ውሉ ሳይፈረም በፊት አስገቡ። ግንቦት ላይ ሁሉም መንገድ ያምራል።

እግረ መንገዳችንን፣ በጎጃም የበጀት ዓመቱና ክረምቱ አብረው ነው የሚጀምሩት። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ለቁፋሮ አይሆኑም፤ ለዲዛይንና ለጨረታ ግን የተመቹ ናቸው። እነዚህን ሦስት ወራት በዝምታ ያሳለፈ ከተማ ጨረታውን ታኅሣሥ ያወጣል፣ ውሉን መጋቢት ይፈርማል፣ ተቋራጩ ገብቶ ሳይጨርስ የሰኔ ዝናብ ይደርስበታል፤ የተረፈው ገንዘብም በዓመቱ መዝጊያ በጥድፊያ ይወጣል። ጨረታው በመስከረም ያለቀለት ግን ከኅዳር እስከ ግንቦት ሰባት ለሥራ የሚመቹ ወራት አሉት።

ጥያቄ፦ የከተማውን በጀት ማየት እንችላለን? ስንጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልን። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ትችላላችሁ። የጸደቀ በጀት የሕዝብ ሰነድ ነው፤ በጀቱንና አፈጻጸሙን በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍም የታወቀ አሠራር ነው። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ማመልከቻ ያስገቡ። ለምን እንደፈለጉት መግለጽ አይጠበቅብዎትም። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ቢጠይቅ ባለሙያው ጽፎ ይቀበለዋል። እምቢ ከተባሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

ጥያቄ፦ ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምናገኘው። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ጉድጓድ ያስፈልጋል ይላል። እውነት ነው ወይስ ማምለጫ? (ከምዕራብ ጎጃም)

መልስ፦ ሒሳቡን ሠርቶ ማየት ይቻላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012) የወጣው መለኪያ ከ20,000 ሕዝብ በታች ላለው ከተማ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር፣ በ250 ሜትር ርቀት ውስጥ ይላል። ከተማው 12,000 ሰው ቢኖረው በቀን 480 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ከሚመረተው ሩቡ በመንገድ ይጠፋል ብለን ብንይዝ 640 ሜትር ኩብ መመረት አለበት። በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ አንድ ጉድጓድ በቀን 18 ሰዓት ቢሠራ 648 ሜትር ኩብ ያወጣል። እንግዲህ አንዱ ጉድጓድ በወረቀት ይበቃል። መብራት በቀን 10 ሰዓት ብቻ ካለ ግን የሚወጣው 360 ነው፤ ያኔ የጎደለው ጄኔሬተርና ነዳጅ እንጂ ጉድጓድ አይደለም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን አራት ቁጥር ጠይቁት፦ ጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር ይሰጣል፤ ፓምፑ ባለፈው ወር በአማካይ በቀን ስንት ሰዓት ሠራ፤ በዋናው ቆጣሪ ስንት ሜትር ኩብ ወጣ፤ በደንበኞች ቆጣሪ ስንት ተሸጠ። 15,000 ወጥቶ 9,000 ከተሸጠ 40 በመቶው ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ከተማ አዲስ ጉድጓድ መቆፈር የሚያፈስ እንስራ ላይ መጨመር ነው። መጀመሪያ ሌሊት ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ከማጠራቀሚያው የሚወጣውን ውኃ ይለኩ። ያኔም ብዙ ከፈሰሰ የተሰበረ ቧንቧ አለ፤ የየሰፈሩን መዝጊያ በተራ እየዘጉ የትኛው ሰፈር ሲዘጋ ፍሰቱ እንደሚቀንስ በማየት ይደረስበታል። ዋናው ቆጣሪ ከቆመ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ከሁሉም በፊት እርሱ ይገዛ፤ ያለ እርሱ የሚደረገው ሁሉ ግምት ነው።

በቦኖ በኩል ነዋሪው ራሱ መለካት ይችላል። ሃያ ሊትር ጀሪካን በ80 ሰከንድ ከሞላ ቧንቧው በሰከንድ ሩብ ሊትር እየሰጠ ነው፤ ይህ ደህና ነው። በሰዓት 45 ጀሪካን ይቀዳል። በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ሲታሰብ አምስት ሰው ያለው ቤት በቀን 10 ጀሪካን ስለሚያስፈልገው፣ በቀን 8 ሰዓት የተከፈተ አንድ ቧንቧ 36 ቤት ያደርሳል። ከዚያ በላይ ሰው የተሰለፈበት ቦኖ ሌላ ቧንቧ ይፈልጋል። ፈረቃው የግድ ከሆነም የየሰፈሩ ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ይለጠፍ። ሰውን ከጥማቱ እኩል የሚያስመርረው ሌሊቱን ጀሪካን ደርድሮ መጠበቁ ነው።

ጥያቄ፦ በማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ስብሰባ ስንጠራ የሚመጡት ያው ሽማግሌዎች ናቸው። ሴቶች ቢመጡም አይናገሩም። ምን ብናደርግ ይሻላል? (ከአዊ)

መልስ፦ ጥያቄዎን በማንሣትዎ ደስ ብሎናል፤ ብዙ ባልደረቦችዎ ቃለ ጉባኤው እስከተያዘ ድረስ አይጨነቁበትም።

ቀኑን ከገበያ ቀን ያርቁት። ሥራ የማይሠራበት የበዓል ቀን ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመቻል። ጥሪው ከ7 ቀን በፊት በዕድር ለፋፊ ይነገር፤ የሚመከርበት ጉዳይም አብሮ ይነገር፣ ሰው ቤቱ ተመካክሮ እንዲመጣ። አዳራሹን ትተው ወደ ዕድር ድንኳኑ ይሂዱ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ ከ20 እስከ 25 ሆነው ያወያዩ፤ ለሴቶቹ ውይይት ሴት አወያይ ይመድቡ፣ እራት በሚሠራበት ሰዓትም አይጥሩ።

ለምርጫው እጅ ከማስወጣት በቆሎ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ሥዕል ይሳል፦ ቦኖ፣ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ የቆሻሻ ጋሪ። ለየሰዉ ሦስት የበቆሎ ፍሬ ይሰጠውና ከመጋረጃ ጀርባ በሚቀመጡ፣ ሥዕሎቹ በተለጠፉባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይጣል። ፍሬው በሰው ፊት ይቆጠር። ማንበብ የማይችልም፣ በባሏ ፊት መናገር የማትደፍርም እኩል ይመርጣሉ። የሴቶቹና የወንዶቹ ውጤት ተለይቶ ይመዝገብ፤ ውኃ ቀጂዋና ባለ ሱቁ አንድ ዓይነት ችግር እንደሌለባቸው ያኔ ይታያል። ቃለ ጉባኤው ሰው ሳይበተን ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ከሁሉም የሚከብደው መልሱን ይዞ መመለሱ ነው። ምክር ቤቱ በጀቱን ባጸደቀ በአንድ ወር ውስጥ ወደዚያው ድንኳን ይመለሱ። አንድ ወረቀት ይበቃል፣ ሦስት ዓምድ ያለው፦ የተያዘ፣ የተላለፈ፣ ያልተቻለ። በተያዘው አንጻር የገንዘቡ ልክና ሥራው የሚጀመርበት ወር፣ በተላለፈው አንጻር የሚታይበት ዓመት፣ ባልተቻለው አንጻር ምክንያቱ ይጻፍ። «ያልተቻለ» የሚለውን ዓምድ ባዶ አይተዉት። የወረቀቱን ቅጂ ለየዕድሩ ዳኛ ያስፈርሙና ይስጡ፤ በጥር የሚጀምረው ቀጣዩ ውይይት የሚከፈተው ያንን ወረቀት በማንበብ ይሁን።