በስም የሚያዝ ሌባ

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮችን ሰብረው በነጻ የሚያድሉ ድረ ገጾችን ኩባንያዎች ከቅጂ መብት ይልቅ በንግድ ምልክት የሚከሱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የኢንተርኔት አድራሻ ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአድራሻ ክርክር ሥርዓት የሚቀበለው የንግድ ምልክት አቤቱታን ብቻ ስለሆነ፣ የገጹ ባለቤት ማንነቱን ቢደብቅ እንኳ ፍርድ ቤት ሳይኬድ አድራሻውን ማስነጠቅ ይቻላል። አመልካቹ አድራሻው ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች በሆነ ደረጃ ተመሳሳይ መሆኑን፣ ያዡ በስሙ ላይ መብትም ሆነ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለውና አድራሻውን ያስመዘገበውም ሆነ የሚጠቀምበት በቅን ልቦና አለመሆኑን ማስረዳት አለበት። ለምሳሌ «ኤብልተን» በሚለው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ስም ላይ «ክራክ» (የተሰበረ) የሚል ቃል መለጠፍ ተመሳሳይነቱን አያስቀርም፤ እንዲያውም (በእኔ አስተያየት) ክፉ ልቦናውን ያጋልጣል። ይሁንና ገጹ በማግሥቱ ምልክቱን ባልያዘ አድራሻ ቢከፈት ይህ መንገድ ስለማይሠራ፣ ወደ ቅጂ መብት መመለስ ግድ ይላል።